የሐሙስ ሂና

ጡረታ የወጣሁት በሐምሌ ነው። ክፍሉን የተረከበችኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጨዋና ማስታወሻ ደብተሯ ከእጇ የማይጠፋ ልጅ ናት። ቁልፉን፣ ሁለቱን የፕላስቲክ ሳፋዎች፣ ምንጣፉንና ወንበሮቹን ቆጥራ ከፈረመችልኝ በኋላ «ሲስተር፣ የቡድን ሕክምናው መመሪያስ?» አለችኝ። መመሪያ የለውም አልኳት። የቀለድኩ መሰላት። ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች ስምንት ዓመት በየሐሙሱ ስሰበስብ ኖሬ አንድ ወረቀት እንኳ አለመተዌ አሳፈረኝና «አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ ማንኛዋም ሴት ለሕክምና ብቻዋን አትሂድ» አልኳት። ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ ሌላውን ጠበቀች።

ሌላውን ቆሜ ልነግራት አልቻልኩም። እንባዬ ቅርብ ነው፣ ደግሞ በመረካከቢያ ቀን ማልቀስ አልወድም። ስለዚህ ይኸው ቤቴ ተቀምጬ እየጻፍኩላት ነው።

ትውልዴ ደብረ ማርቆስ ነው። ከነርስ ትምህርት ቤት ስንመረቅ ምድባችንን በዕጣ አወጣን፤ ለጓደኞቼ ነቀምትና ጅማ ሲደርሳቸው ለእኔ ቡለን ደረሰኝ። እናቴ ቡለን የት እንደሆነ ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቃ የሚያውቅ ስታጣ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሄጄ ሳየው የሚያስለቅስ ነገር የለውም፤ በገበያ ቀን ገበሬው የሚጎርፍበት ደህና ከተማ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ፋሻ በክንድ እየለካ የሚሰጥ ቆንቋና ሰው ነበር፤ ምጥ የጠናባት ሴት ስትመጣ ግን ቃሬዛውን ራሱ ይሸከማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን ሠራን።

ቡለን ያስተማረችኝን የተማርኩት ግን በጣም ዘግይቼ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጡቷ የቆሰለ አንዲት የገበሬ ሚስት ነበረች፤ ቁስሏን ላጥብላት በሳምንት አንድ ቀን በእግሬ እሄድ ነበር። ዘመዶቿ ከትልቁ ቤት ጀርባ ጎጆ ሠርተውላታል። በጥሩ እጅ የተሠራች፣ አዲስ ሣር የለበሰች ጎጆ ናት። ምግቧ በሰዓቱ ይደርሳል፣ ውኃዋ ይቀዳል፣ ልብሷ ታጥቦ ይሰጣታል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን በሄድኩባቸው ቀናት ሁሉ ከእሷ ሌላ ሰው እዚያ ጎጆ ውስጥ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ፋሻውን አስሬ ስነሣ ትንሽ ብትቀመጪስ አለችኝ። ወረፋ አለብኝ አልኳት፤ እውነቴን ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ጎጆዋ ባዶ ነበረች።

ከቡለን በኋላ ሸርቆሌ፣ ስደተኞች መጠለያው ክሊኒክ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ከስደተኞቹ ዐረብኛ፣ ከአካባቢው ሰው በርታኛ ለቃቀምኩ፤ እስከ ዛሬ ሁለቱን እያደባለቅሁ ነው የምናገረው። ስለ ሪፖርቱ ብዛት ብጽፍ ወረቀቴ አይበቃኝም፣ ስለ ደመወዙ ደግሞ ግማሽ መስመር ይበቃኛል፤ ሁለቱንም ልተዋቸው። ከዚያ ዕቃዬን ሚኒባስ ላይ ጭኜ አሶሳ ገባሁ፤ ሆስፒታሉም ሲስተር ዘሀራ እጅ ላይ ጣለኝ።

ዘሀራ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ከወሎ ለሰፈራ መጥታ እዚሁ አሶሳ ዙሪያ አምባ ከሚባሉት የሰፋሪ መንደሮች በአንዱ ያደገች ናት። ዕድሜዋን ሁሉ እዚህ ኖራ አነጋገሯ ከወሎ ንቅንቅ አላለም። በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች፤ ግን የመጀመሪያው ቀን «እርስዎ አትበዪኝ፣ አታስረጂኝ» ስላለችኝ እስከ ዛሬ አንቺ ነው የምላት። ከሐኪም ጋር ትጣላለች፣ ከጥበቃ ጋር ትጣላለች፤ በሽተኛ አጠገብ ስትቀመጥ ግን ድምጿ አይሰማም።

ከጋዋኗ ኪስ የጥፍር መቁረጫ አይጠፋም ነበር። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ይሰባበራል፣ አንዳንዴም ከሥሩ ይላቀቃል። ዘሀራ በርጩማ ላይ ከአልጋው ዝቅ ብላ ትቀመጥና የሴትየዋን እጅ ለብ ባለ ውኃ ትነክራለች፣ ታደርቃለች፣ ከዚያ በቀስታ መከርከም ትጀምራለች። ወራት ሙሉ ማንም ያልነካት ሴት እጇ መያዙን እንኳ ልብ ሳትል ማውራት ትጀምራለች። ዘሀራ ምን ይሰማሻል ብላ ጠይቃ አታውቅም። የእሷ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ትናንት ከማን ጋር በላሽ?» ትላለች። ከመልሱ የሴትየዋን ቤት ከነጎረቤቱ ታውቀዋለች።

ጥፍር ማንበብ ያስተማረችኝም እሷ ናት። አንድ ዙር መድኃኒት በገባ ቁጥር ጥፍር ማደጉን ለጥቂት ቀናት ይገታል፤ ያ መገታት እንደ ማረሻ ትልም በጥፍሩ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ዐይን ቢያልፈው ጣት ያገኘዋል። ዘሀራ አውራ ጣቷን ከጥፍሩ ሥር ወደ ጫፍ እያስኬደች ይኸ የመጀመሪያው ዙር፣ ይኸ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው የታለ እያለች ትቆጥራለች። ቀጠሮ የቀሩት ይደነግጣሉ። እንዴት አወቀች እያሉ ጠንቋይ ያደረጓትም ነበሩ። እሷ ካርድ ከማየት ይልቅ በጥፍር ታምን ነበር፤ እኔም ከእሷ ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት እንደዚያው ሆንኩ።

ዘሀራ ጡረታ ወጥታ ወደ አምባዋ ስትመለስ አለቃችን የነበረው ወጣት ሐኪም ለአምስት ቀን ሥልጠና ላከኝ። ስመለስ ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ሰብስቤ የቡድን ሕክምና እንድጀምር አዘዘኝ። ሐሳቡ ልክ ነበር። እነዚህን ሴቶች ከበሽታው እኩል የሚጎዳቸው ብቻ መቅረት ነው፤ ሰው ይተላለፍብኛል ብሎ ይሸሻቸዋል፣ እነሱም ሰው ሳይሸሻቸው ቀድመው ይሸሻሉ።

የመጀመሪያው ሐሙስ መሳቂያ ሆንኩ። በሥልጠናው እንዳየሁት ወንበሮቹን ክብ አድርጌ ደረደርኩ፣ እዚህ የተነገረ ከዚህ አይወጣም የሚለውን ደንብ አስማልኩ፣ ከዚያም ስሜታችሁን አካፍሉ አልኳቸው። አምስት ሴቶች ናቸው። ሁሉም ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን አሉና ዝም አሉ። ከሁሉም ተናጋሪዋ አስካለ ናት፤ ከቡለን ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች የደገኛ ዘር ገበሬ፣ አሶሳ አስተማሪ ከሆነች ልጇ ዘንድ የተጠጋች። «ስሜት ደግሞ እንደ ዳቦ ይቆረሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ቆሽቴ አረረ።

በሁለተኛው ሐሙስ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍቼ ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ ሁለት ሳፋ ለብ ያለ ውኃ አቀረብኩና የጥፍር መቁረጫ አወጣሁ። የአንዷን ስቆርጥ ሌላዋ የጎረቤቷን ጀመረች። ማንም ስለ ስሜት አልጠየቀ፤ ከሰዓት በኋላ ሲበተኑ ሁሉም ተናግረው ነበር።

ሐዋን ያወቅኋት ያኔ ነው። በርታ ናት፤ መንደሯ ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ያላት አንድ ልጅ ወርቅ ሊያጥብ ከወጣ ቆይቷል። አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ እኛም ለምደንላት ነበር። አንድ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከተነሣ በኋላ ስምንት ዙር መድኃኒት ታዘዘላት፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ። አሶሳ ይህ መድኃኒት አይሰጥም። አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ አድሮ በሁለተኛው ቀን ነው የሚገባው። ያኔ ሁለት ዙር ወስዳ ነበር።

የሐዋና የጎረቤቶቿ ልማድ እኩለ ቀን ላይ አንድ ትሪ ከቦ መብላት ነው። የአራት ቤት ሴቶች ናቸው፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይቀርባል፣ ሁሉም በእጁ ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። ከሁለተኛው ዙር በኋላ የሐዋ ጥፍር ሲጠቁር ሲቲና የምትባለው የቅርብ ጎረቤቷ ድርሻዋን በሳህን ትልክላት ጀመር። ክፉ ቃል የተናገራት የለም። ሳህኑ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሐዋ ይህን እየነገረችን ጣቶቿን ከራሷ እስከ እግሯ የተጠቀለለችበት ቶቧ ውስጥ ደበቀች።

«ሳህን ጥሩ ነው» አለች። «ሳህን ግን አያወራም።»

ቡለን ያለችው ጎጆ ፊቴ ላይ መጣችብኝ። እንቅልፍ ነሣኝ ማለት ይቻላል። በሚቀጥለው ሐሙስ ሐዋ ሂና ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። ሐሳቡ የእኔ ነው፣ ማንም ላይ አላላክከውም። ዱቄቱን በሎሚና በሞቀ ውኃ አቦካችው፣ ትንሽ አሳረፈችው፣ ከዚያ የእያንዳንዷን ጣት ጫፍ እየለቀለቀች በላስቲክ ጠቀለለች። አስካለ በእንሶስላ ያደገች ስለሆነች ለመልመድ ጊዜ አልወሰደባትም። ላስቲኩ ሲፈታ ያ የሚያስፈራ ጥፍር ሁሉ ጠፍቷል። በምትኩ የሙሽራ እጅ የመሰለ፣ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ቀይ ወጣ። አምስት ሴቶች እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘርግተው አዩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐዋ ምንጣፉ ላይ ሳትቀመጥ ገና በር ላይ እንዳለች ትናንት ከትሪ በላሁ አለች። ሲቲና ሂናዋን አይታ ማን እንደሠራላት ጠይቃት፣ እጇን ይዛ አገላብጣ አይታ፣ ከዚያ ነይ ብላ ከትሪው ጎን ቦታ ለቀቀችላት። ያን ቀን እልል አልን። የሆስፒታሉ ጽዳቶች ሠርግ አለ ወይ ብለው መጡ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ የሂና ቀን ሆነ። ጥፍር መቁረጡም ለእነሱው ቀረ፤ እርስ በርስ ይከረካከማሉ፣ ይቀባባሉ፣ ያወራሉ። እኔ ውኃ አሞቃለሁ፣ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ። ከጤና ቢሮ እንግዶች መጥተው ፎቶ አነሡን። አለቃዬ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። ኩራት ገባኝ፤ መደበቅ አልችልም።

ዘሀራ አንድ ሐሙስ ለራሷ ጉዳይ ከተማ መጥታ ልታየን ገባች። በርጩማ አምጥቼላት ተቀመጠች፤ የሴቶቹን እጅ አንድ በአንድ እየያዘች አየች። ስትነሣ በር ድረስ ሸኘኋት።

«አምሮባቸዋል» አለችኝ። «ግና አሁን በምን ታያቸዋለሽ?»

እንደ ቀልድ በዐይኔ አልኳት። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠፋኝም። ግን ቅር አለኝ፤ ሥራዬ ከሥራዋ በልጦ የተመሰገነባት አሮጊት ቅናት መሰለኝ። ይህን መጻፍ አሁንም ያመኛል።

ሐዋ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ሐሙስ ትቀራለች። አዲስ አበባ ሄዳ ነው። በሚቀጥለው ትመጣና መንገዱ እንዴት ነበር ስላት ደህና ነው ትላለች፤ አንዳንዴ መኪና ተበላሸ፣ አንዳንዴ ፍተሻ በዛ ትላለች። ግን እያማረባት ሄደች። አፏ መቁሰሉን ተወ። ምግብ ይረጋላት ጀመር፤ ጉንጯ ሞላ። ከሻሿ ሥር ጨቅላ ፀጉር ብቅ ሲል አሳየችን፤ እኔም ጎበዝ አልኳት። መዝገቤ ላይ በጣም ተሻሽላለች ብዬ በቀይ አሰመርኩበት። በሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ነርስ ነበርኩ። መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ፀጉሩ እንዲህ አይመለስም፤ ይህን ማወቅ የሚገባኝ ሰው እኔ ነበርኩ። ደስታዬን ልተው ስላልፈለግሁ አላወቅሁም።

ስምንተኛው ዙር ያልቃል ብዬ በቆጠርኩት ሳምንት ትንሽ ድግስ አሰብኩ። ሻይ አፈላሁ፣ ዳቦ አስገዛሁ፣ ለሐዋ አረንጓዴ ሻሽ ገዝቼ ጠቀለልኩ። ሐዋ መጣች። ካለፈው ወር ጀምሮ የማይለቃት ሳል ነበራት፤ ያን ቀን ከበር እስከ ምንጣፉ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። መንገድ ያደከማት መሰለኝ። የመጨረሻውን ቀን ጥፍሯን እኔው ልቁረጥላት ብዬ እጇን ተቀበልኩ። ከስንት ወር በኋላ እጇን መያዜ ነበር።

አውራ ጣቴ በልማድ ከጥፍሯ ሥር ወደ ጫፍ ሄደ። ልሙጥ ነው። ሌላውን ጣቷን ያዝኩ፤ ልሙጥ ነው። የግራ እጇን ሳብኩ። በአሥሩም ጣቶቿ ላይ አንድ ትልም የለም። ጥፍር ከሥሩ ተነሥቶ እስከ ጫፉ ለመታደስ አራት አምስት ወር ይፈጅበታል። ያ ሁሉ ጊዜ ከሂናው ሥር አልፏል።

ሻዩ እየቀዘቀዘ ነበር። ሌሎቹን ዛሬ በጊዜ እንበተን አልኳቸው። አንዳቸውም ለምን አላሉኝም፤ ነጠላቸውን ይዘው ወጡ። ሁለታችን ስንቀር ስንት ጊዜ ሄድሽ አልኳት። ሁለት አለች። ከእኔ ጋር ከመተዋወቋ በፊት የሄደቻቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። በቀረችባቸው ሐሙሶች የት እንደነበረች ጠየቅኋት፤ ሲቲና ቤት ነበረች። ለምን አልኳት፤ በድምፄ ውስጥ ቁጣም ነበረበት።

«አዲስ አበባ አልጋ አለ፣ መድኃኒት አለ። ሰው የለም» አለች። «በርታ የሚናገር የለም። እዚያ ሐዋ አይባልም፣ ቁጥር ነው የሚጠራው። መድኃኒት ገብቶ አውቶቡስ ላይ ያስታውከኛል፣ አጠገቤ ያለው ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። ቤት ስመለስ ጥፍር ጥቁር፣ ሲቲና ይፈራል። አሁን ትሪ አለ። ትሪ ትቼ ወደዚያ አልሄድም። ኸላስ፣ በቃ።»

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ይህን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችኝ።

«አንተ እኔን ሲያይ ደስ ይለዋል» አለች። «እንዴት ይነገራል?»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ በሂና በቀላው እጇ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። በማግስቱ ሐኪሙ አያት፤ ሳንባዋ ላይ ደርሷል። አሁን ይዘናት ብንሄድስ ብዬ ጠየቅሁት። ወደ መሬት አየ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ እኔ ነኝ ወደ እሷ የምሄደው። ጎረቤቶቿ ትሪውን ወደ ቤቷ አምጥተው ከምንጣፏ ጎን ማስቀመጥ ጀመሩ። ሲቲና አንገቷን ደግፋ ታቃናታለች፤ ሐዋ የጣቷን ጫፍ ገንፎው ላይ ታስነካና ወደ አፏ ትወስዳለች። መዋጥ አቅቷት ነበር፤ ግን እጇ ከሌሎቹ እጅ ጋር ትሪው ላይ ነበር። እኔንም ብይ አሉኝ፣ በላሁ።

ለቅሶ ስደርስ ሲቲና ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ መጣችና ሁለት እጄን ያዘች። «አንተ ሐዋን ለእኛ መልሶ ሰጠ» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ትሪውን የመለሰችላት ሂና ከመድኃኒቷ አስቀረቻት ብዬ? ደግሞስ ስምንቱን ዙር ብትጨርስ ትተርፍ እንደነበር ማን ያውቃል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ትተርፍ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

ወደ ዘሀራ አምባ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ብዬሽ ነበር ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለችም። ሂናውን እንዳልከለክላቸው ነገረችኝ፤ የግራ አውራ ጣታቸውን ግን ባዶ እንዲተዉ። «አንዲት ጥፍር ትብቃሽ» አለችኝ። «እሷንም በየሳምንቱ ራስሽ ያዢያት።» እስከ ወጣሁበት ቀን ድረስ እንደዚያው አደረግሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አራቱን ሴቶች ሰብስቤ እውነቱን ነገርኳቸው። ሐዋ መድኃኒቷን ትታ እንደነበር፣ እኔም ወራት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ እንዳላየሁ ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዳቸውም አልደነገጡም።

«እኛ እናውቅ ነበር፣ ሲስተር» አለች አስካለ። «ውኃ ልታሞቂ የወጣሽ ጊዜ ነግራን ነበር። እዚህ የተነገረ አይወጣም ብለሽ ያስማልሽን አንቺው ነሽ።»

ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ደንቡን በትክክል የጠበቁት እነሱ ናቸው። አስካለ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። እሷ ቀዶ ሕክምናዋ ስለዘገየባት መድኃኒት ከጀመረች ገና ሁለት ዙሯ ነበር፤ ለሦስተኛው ዙር ማክሰኞ ከአሶሳ መነሣት አለባት።

«እኔም የማክሰኞውን ልተወው አስቤአለሁ» አለች። «ልጄ ትምህርት ቤት አስፈቅዳ እንዳትጉላላ ብዬ ደህና ነኝ እላታለሁ። ሐዋን ያልጠየቅሻትን እስቲ እኔን ጠይቂኝ።»

ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከማን ጋር እንደበሉ ዓመታት ሙሉ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ከማን ጋር ነው የምትሄጂው አልኳት። «ብቻዬን» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት የዓመት ፈቃዴን ሞልቼ ከእሷ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ተራ ገብተው እየተሸኛኙ ነው የሚሄዱት፤ የአንዷ ዙር ሲያልቅ የሌላዋ አጃቢ ትሆናለች። የተረፉ አሉ፣ ያልተረፉ አሉ። አስካለ ስምንቱንም ዙር ጨርሳ ሁለት ዓመት ኖረች። ለተተኪዬ ልጻፍላት ብዬ የተነሣሁት ይህን ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ የመጀመሪያ ጉዞ አንድ ነገር ይቀረኛል።

አዲስ አበባ ስንደርስ ክፍሉ ሙሉ ነበር። ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዲት ነርስ ከመዝገብ ላይ ቁጥር ትጠራለች፣ የተጠራችው ትነሣለች። የአስካለ ሲጠራ አብሬ ተነሣሁ። መድኃኒቱ በክንዷ መውረድ ሲጀምር እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። እኔ የማውቀው ሥራ ስለሆነ ነርሷ ላይ አልፈረድኩም፤ ብቻዋን ያንን ሁሉ ሰው ስታገላብጥ ፊቷን አልቋጠረችም። ትንሽ ፋታ ስታገኝ ተጠጋሁና ነርስ መሆኔን፣ ከአሶሳ መምጣቴን ነገርኳት። ከዚያ ጠየቅኋት። ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት ሁለት ጊዜ እዚህ መጥታ ነበር፤ ቀጠን ያለች፣ ቶብ የምትለብስ፣ አማርኛዋ ብዙ ያልሆነ፤ ብቻዋን ነበር የምትመጣው፤ ታስታውሻታለሽ ወይ አልኳት።

ነርሷ ከልቧ ለማስታወስ ሞከረች። ግንባሯን አሸት አሸት አድርጋ አሰበች። ከዚያም መዝገቡን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ገለጠችው።

«ቁጥሯን ይንገሩኝና ልፈልግልዎት» አለችኝ።

ቁጥሯን አላውቀውም አልኳት።